ቀሪ

ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣
አውቶቡሱ ሌላውን ልጅ ሲበትን ወደየቤት፣
አራት ነበርን በሆሊሄድ፣ ደረጃውን የምንወጣ፣
ከሥር ካለው የማብሰያ ክፍል የሽንኩርት ሽታ እየመጣ፤
መስኮቱን የአየርላንድ ባሕር በጨው እየለቀለቀ፣
ማሞቂያው እንደ ሽማግሌ ጉልበት ቋ ቋ እያለ እየማቀቀ።

«የላቀ ሒሳብ» ነው ስሙ። ለአራት ተማሪ በጀት የለም
ብሎ ነበር ርእሰ መምህሩ፤ ከልክሎም አልከለከለም።
ሚስ ፕሮዘሮ ግን ትመጣለች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣
ያለ ደመወዝ፣ ያለ ደወል፣ ፀሐይ ወደ ባሕር ስታዘቀዝቅ፤
ጥርሷ ላይ የከንፈር ቀለም፣ ጣቷ ላይ የጠመኔ ብናኝ።

የመጀመሪያው ቀን የጻፈችው የኔጌቲቭ አንድን ዳግም ዘር ነበር፤
ስንት ዓመት «የለም» ተብለን፣ «የለም» ብለን የጻፍነው ነገር!
«አለ» አለች። «መስመሩ ላይ ፈልጋችሁ ስላጣችሁት ነው፤
እሱ መስመሩ ላይ አይደለም፤ ከመስመሩ ጎን ነው።»
ኦሻን ሳቀ። ማሬድ ገለበጠች።
ቴግዌን ብዕሯን አስቀምጣ
አንገቷን ወደ ጎን ሰበረች፣ ጥሬ እንዳየች ዶሮ፣
እዚያው ቀረች።

በጥቅምት ማረጋገጫ ተማርን፤ በተራ የሚወድቅ እውነት፦
የመጀመሪያው ከወደቀ፣ የአንዱ መውደቅ ቀጣዩን ከጣለ፣
ማለቂያ የለውም፤ ሁሉም ወዳቂ ነው ማለት።
በኅዳር ኦሻን ወጣ፤ «ራግቢ አለብኝ» አለ።
ኦሻን ከወጣ ማሬድ።
ማሬድ ከወጣች እኔ።

ምክንያት አልነበረኝም፤ ቤት ሄጄ ምክንያት ለቀምሁ፦
እናትና አባቴ ሳሎን ስለ ፍቺ ሲማከሩ፣
እኔ ጓዳ ተሸሽጌ የማትሪክስ ፍቺ ስፈልግ አመሸሁ፤
ሁለቱም ከአንድ ገጽ በላይ ፈጁ፤ ሁለቱም አልሠመሩ።
መጽሐፉን ልመልስ ብሄድ ሚስ ፕሮዘሮ አልተቀበለችኝም፤
«ያዘው» አለች፣ «ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ አልደረስክም።»

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደብ ነኝ፣ አጎቴ ዘንድ፤ የመርከብ ገመድ አስራለሁ።
ቴግዌን አንድ ቀን ድንች ጥብስ በወረቀት ጠቅልላ መጣች፣
ከመርከቡ እስከ ምሰሶው የላላውን ገመድ በሹካ እያሳየች፦
«ይህ ጉብጠት ፓራቦላ ይመስላል። አይደለም።
የራሱ ቀመር አለው። ሰባተኛው ምዕራፍ ነው።»
ማታ ገለጥሁት። ገጹ ላይ ገመድ ተሥሏል፣
ማንም ያላሰረው ገመድ፣ ሁለት ጫፉ አየር ላይ።
ግማሹ ገባኝ። ግማሹ ገና እንደ ታሰረ ነው።

ሌላም ነገረችኝ፣ ኮምጣጤ ከጣቷ እየላሰች፣ እየሳቀች፦
ሚስ ፕሮዘሮ እስከ ዛሬ መዝገቡን ከፍታ አራት ስም ትጠራለች፣
አንዲት ልጅ ፊቷ ተቀምጣ።
«ኦሻን።»
ቀሪ።
«ማሬድ።»
ቀሪ።
«ኢድዋል።»
ቀሪ።
«ቴግዌን።»
«አቤት።»

በመዝገቡ ቀሪው እኔ። በማካፈሉ ቀሪዋ እሷ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ደረጃው ሥር ቆምሁ፣
የሽንኩርቱ ሽታ ጃኬቴ ውስጥ እስኪገባ።
ኦሻን ተጠራ፤ ቶሎ ታለፈ። ማሬድም ታለፈች።
ስሜ ተጠራ።
ከዚያ ዝም።
ብዕሩ ወረቀቱን እስኪነካ ቆጠርሁ፤
አራት ሰከንድ ትጠብቀኛለች።