ሰባት መቶ አሥራ አራት ገጽ

በብርድ አገር ብርድ እየጠገንሁ ነው ልጅ ያሳደግሁት፤
ፑንታ አሬናስ፣ ነፋሱ ሰው ይዞ እንዳይሄድ ብለው
የማዘጋጃ ቤት ሰዎች በየጥጉ ገመድ የወጠሩበት።
ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው፤ ከባሕሩ ወዲያ በረዶ፤
አውቶቡሱም እዚህ ደርሶ ይመለሳል ተገዶ።
እንዲህ ያለ ጠርዝ ላይ ተወልዶ ያረጀ ሰው
ከምድር ወዲያ ቢያማትር፣ ማን አለ የሚወቅሰው?

ስጀምረው በደረሰኝ ጀርባ ነው፤ በመጋቢት፣ ማታ፣
የባልቴቷን የማንሲያን ማቀዝቀዣ ጠግኜ ስገባ፣ ለአንድ አፍታ።
መርከብ ጻፍሁ፤ በከዋክብት መሀል ብቻዋን የምትጓዝ፣
አራት ሺህ ሰው በብርድ አስተኝታ የደረደረች እንደ ጓዝ።
ሁለት መቶ ዓመት ተኝተው ይነቃሉ ተራ በተራ
ሁለት ፀሐይ ባላት ምድር፣ ጥላ በሌለው ተራራ።

ብርዱን መቼም አውቀዋለሁ፦ ጋዙ በየት እንደሚዞር፣
ቧንቧው የቱ ጋ እንደሚያልበው፣ ሞተር ሲያረጅ ምን ብሎ እንደሚናገር፤
እሱን እሱን ልክ ጻፍሁት። ሰው ሲሆን ነው የሚያቅተኝ፦
ሲሳሳሙ ቧንቧ የሚገጥሙ ይመስላሉ፤
ሲጣሉም መመሪያ ያነባሉ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሄደ። ልጄ ማይቴ አድጋ፣ አግብታ
ወደ ሰሜን ሄደች፤ እኔ ምዕራፍ ሃያ ላይ ነኝ፣ በየማታ
ከኩሽናው ጠረጴዛ፣ ከሽንኩርቱ ልጣጭ አጠገብ፣
አንድ ፊደል በጎደለው መኪና በአንድ ጣት የምተይብ።
የጎደለው ፊደል «እናት» የሚለው ቃል መነሻ ነው፤
በመርከቤ ስንት እናት አለ፣ ሁሉንም በእስክሪብቶ ነው የምሞላው።

ካፒቴኑን አልፈጠርሁትም፤ ሬሚሂዮ ነው፣ ታናሼ፣
ሸርጣን ሊያጠምድ በሰኔ ወጥቶ የቀረ።
ጫማውን እንኳ አላገኘሁ፣ ዳርቻውን ሁሉ አስሼ።
በዕቅዴ ምዕራፍ አሥራ ሁለት ላይ መሞት ነበረበት።
ልገድለው ስቀመጥ ጣቴ እምቢ አለኝ።
አንድ ማዕበል ጨመርሁለት፣ አንድ የተበላሸ ፓምፕ፣
አንድ ያልታሰበ ፕላኔት፤ ይዘግይ ብዬ እንጂ እንዲያምር ብዬ አይደለም፤
ሰባት መቶ አሥራ አራት የሆነው በዚህ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ወደ ሳንቲያጎ ልኬው ነበር አንዴ፣ በሲባጎ አሥሬ።
በሰባት ወሩ ተመለሰ። ቋጠሮው ያው የኔው፣
ከአባቴ የተማርሁት፣ የዓሣ አጥማጅ፤
ከኔ በቀር በዚህ ከተማ ማንም አያስረውም ዛሬ።
ከላዩ ላይ ደብዳቤ፦ «በጥሞና አነበብነው።»
እሺ። ከአሮጌ ቴርሞስታቶች ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት።

ባለፈው ክረምት ግን አንድ የቧንቧ ንድፍ ፈልጌ ስከፍት
በየኅዳጉ እርሳስ አየሁ፤ ደቃቅ፣ ዘንበል ያለ ጽሕፈት፣
የዮላንዳ፣ ሩዝና ሳሙና ብላ ዝርዝር የምትጽፍበት።
ፊደል ታርማለች። ገጽ ሁለት መቶ ስድስት ላይ
«እዚህ እንቅልፍ ወሰደኝ» ብላለች።
ምዕራፍ አሥራ ሁለት ላይ ምንም አልጻፈችም፤
ወረቀቱ ብቻ ረጥቦ የደረቀ ነው፣ ተጨማዷል።
ስድስት መቶ ሰማንያ ላይ ሬሚሂዮ፣ ሁለት መቶ ዓመት ዘግይቶ፣
የቤቱን ደጅ ያንኳኳል፤ ሚስቱ በሩን ከፍታ
ስለ ጊዜና ስለ ብርሃን አንድ ገጽ ሙሉ ትናገራለች።
በኅዳጉ፦ «ይህች ሴት እንዲህ አትልም።»
ሁለቴ ተሰምሮበታል።

ሄጄ ጠየቅኋት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።
«ታዲያ ምን ትላለች?»
አላየችኝም። ቢላዋውም አልቆመም።
«በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ።»

ያን ሌሊት ገጹን ሙሉ ሰርዤ ይህንኑ ጻፍሁ፣ አራት ቃል።
ሬሚሂዮም ገባ።
በሩን ዘጋ።
ወረቀቱን ከመኪናው አውጥቼ መብራቱን አጠፋሁ።
ነገ ጠዋት ባልቴቷ ማንሲያ ዘንድ ነኝ፤
ያ ሞተር እንደገና ማቃሰት ጀምሯል አሉ።
የመሣሪያ ቦርሳዬን ከበሩ ሥር አኖርሁት።