ሰባት ኢንች

ኤሎይ ሳልሞን መንገድ፣ ላፓዝ ዳገት ላይ፣
ሞኒተር ልገዛ ቆሜያለሁ ከፀሐይ።
ዶኛ ዊልማ ኮንዶሪ፣ የሱቁ እመቤት፣
አምስቱን ደረደረች ከባንኮኒው ፊት።
«ይሄ አምስት ኢንች ነው፣ ከመዳፍ አይበልጥ፣
ካሜራሽ አናት ላይ እንደ ወፍ ይቀመጥ።
ይሄኛው ሰባት ነው፣ ይከብዳል ለትከሻ፣
ሽፋሽፍት ያስቆጥራል ከጫፍ እስከ መድረሻ።
ያኛው ርካሽ ነው፣ ቀለሙ ግን ያብዳል፣
የሙሽራን ጉንጭ ወስዶ ብርቱካን ያስመስላል።»

ዝም ብዬ አያለሁ። ዋጋ አልጠየቅኩም።
አምናን ነው የማየው፤ እሷ አታውቀውም።

አምና በነሐሴ፣ ኮልቻኒ ጨው ሜዳ፣
ሳቱርኒኖ ነበር የካሜራዬ እንግዳ፤
ስልሳ ዓመት ሙሉ ጨው ሲፈልጥ የኖረ፣
መነጽር የማያውቅ፣ ዐይኑ እንባ ያቀረረ።
እዚያ ከምድሩም ብርሃን ይፈልቃል፤
ከላይ ያለው ሲያቃጥል ከታች ያለው ይስቃል።
የካሜራዬ ስክሪን የክብሪት ሣጥን ታህላለች፣
በዚያ ሁሉ ብርሃን ጠቁራ ትውላለች።
ጎንበስ ብዬ ሳያት የማየው ፊቴን ነው፤
የተላጠ አፍንጫዬ፣ ኮፍያዬ፣ ላቤ ነው።
እሱ ግን ያወራል፤ ስለ ሄደች ልጁ፣
ባቡር ላይ ተሳፍራ ስላመለጠች ከእጁ።
አንዴ ዝም አለና ቀና አለ ወደ ሌንሱ፤
ያ ዝምታ ነበር የፊልሙ ነፍሱ።
በግምት አዞርኩት የፎከሱን ቀለበት፣
ወደ ግራ ፈቀቅ፣ ወደ ቀኝ... በእምነት።

ቤት ገብቼ ማታ በትልቁ ከፈትኩት።
የጆሮውን ጸጉር አንድ በአንድ ቆጠርኩት፤
ዐይኑን ግን፣
ዐይኑን ግን ጉም ውስጥ አገኘሁት።
ጨው ለራሱ ይጣፍጥ፣ ምስልም ለራሱ ይጥራ፤
አለዚያ ድንጋይ ነው፣ ይጣላል በተራ።

ይሄን ለዊልማ አልነገርኳትም።

«ብርሃኑ ስንት ነው?» አልኳት አንዱን አንስቼ።
«አራት መቶ ኒት ነው።» መለስኩት ሰግቼ።
«ያኛውስ፣ ሰባቱ?» «ሺህ አለው።» «ደጅ ላውጣው?»
«ይዘሽው ብትሮጪስ፣ ማን ነው የሚያመጣው?»
የዐሥር ዓመት ልጇን፣ ኤቨርን አስከተለች፣
«ከዐይንህ እንዳትጠፋ!» ብላ እየሳቀች።

ፀሐይዋ እዚህ ቅርብ ናት፣ ዘልለው የሚነኳት፤
ስክሪኑን አቅንቼ በግንባር ገጠምኳት።
አልጠቆረም። ኤቨር ስክሪኑ ላይ በራ፣
ቅንድቡ ጠባሳ፣ አፍንጫው አቧራ።
ቀይ መስመሩን ከፈትኩ፣ የፎከስ ምልክት፤
እንደ ጉንዳን ሰልፍ ወረረው ሽፋሽፍት።
ይሄ ቀይ ይዋሻል፣ አውቀዋለሁ ድሮ፤
ጸጉር ካገኘ ዐይን ይተዋል፣ ይረካል በጆሮ።
«አትንቀሳቀስ» አልኩት። ተንቀሳቀሰ እንጂ!
ከረሜላ ሰጥቼ አቆምኩት በእጄ።
አጎላሁት ደግሞ፤ አራት እጥፍ፣ ስምንት፤
ብሌኑ መሃል ላይ ቆማለች አንዲት ሴት፣
ኮፍያ ያጠለቀች፣ አፍንጫዋ የተላጠ፣
ጥርት ያለች፣ ትንሽ፣ ጠርዟ ያልቀለጠ።

ተመልሰን ገባን።
«ሁለት ሺህ» አለችኝ። «አንድ ሺህ ሦስት መቶ፤
ባትሪ የለውም እኮ፣ ቻርጀሩም ተረስቶ።»
«የወንድሜ ሚስት ነሽ? ለምን አልሰጥሽም በነጻ!»
ሳቅን። ተኮራረፍን። ወጣሁ፤ ተመለስኩ ከበሩ አንጻር።
አንድ ሺህ ሰባት መቶ።
ቆጥራ ስትጨርስ እጇ የፀሐይ መከለያ መረቀ፤
«ጨው ሜዳ ነሽ» አለች፣ «አፍንጫሽ አሳበቀ።»

ማታ ወደ ኦሩሮ፣ ሣጥኑ ጭኔ ላይ።
ከጎኔ ያንኮራፋል አንድ የሽንኩርት ነጋዴ፣ አገር ሳያይ።
ትናንት ስደውል የልጅ ልጁ ነበር ያነሣው፤
«አያቴን ዐይኑን ሞራ ነው ያለበሰው።»
ከበስተኋላው የሽማግሌው ድምፅ መጣ፣ ቀረበኝ፤
«ትምጣ። እኔ ባላያት እንኳ፣ እሷ ትየኝ።»

ክዳኑን ከፈትኩት፣ በጨለማ ዳበስኩት፤
ገጹ ብርድ ብርድ ይላል፣ በትንፋሼ አሞቅኩት።
ማብሪያውን ተጫንኩት። ደግሜ ተጫንኩት።
ባትሪ! ያን ሁሉ ተከራክሬ፣ ባትሪውን ረሳሁት።

ይሁን። ኦሩሮም ሱቅ አለ። ነሐሴም ገና ነው።