ቤት ያልመታ ስንኝ

ቢቸና ገበያ፣ ከሾላው ጥላ ሥር፣
አንድ ገጽ በስሙኒ ስጽፍ ለባላገር፣
ብዙ ጉድ አለፈ በዚች በብዕሬ፤
የርስት ሙግት፣ ውርስ፣ የጠፋ በሬ ወሬ።
አንድ ዶሴ ብቻ እስካሁን አልተዘጋ፣
ልየው ጫኔን መርጠን የላክን ለሙጋ።

ሙጋ በክረምት ወር እንደ ወይፈን ያገሳል፤
የደፈረውን ሁሉ እንደ አሞሌ ይልሳል።

ፊደል ለማያውቀው ምልክት ተሰጠ፤
አንዱ ዣንጥላ ያዘ፣ አንዱ ዶሮ መረጠ።
ልየው የደረሰው የሚዛን ሥዕል ነበር፤
«ይመዝንልን» ብሎ ተስማማበት መንደር።
ለመመረጥ ርስት ነው፣ ለመምረጥ ግን ጣት፤
ሸማኔው ይርሳው ሳቀ በዚህ ስሌት፦
«እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ስሸምን እውላለሁ፤
ልየው ቆሞ ከተናገረ እኔም ቆሜያለሁ።»

ለጽሕፈት ተጠራሁ ምርጫው ባለቀ ማታ፤
መቶ አሥራ ሁለት አውራ ጣት ወረቀቱን መታ።
ደብዳቤው በእቅፉ፣ በጤፍ ጆንያ መሀል፣
ልየው በጭነት መኪና ዓባይን ተሻግሯል።
ደጀን ድረስ ሸኙት በቅሎ ያላቸው ሰዎች፤
እኔ ቀረሁ ሾላው ሥር፣ ከቀለም ጠብታዎች።

በሁለተኛው ዓመት ለፋሲካ መጣ፤
ኮቱ አዲስ፣ ጫማው አዲስ፣ ፊቱ ግን የነጣ።
ከበን ጠየቅነው። «ቤቱ ሁለት ነው» አለን፣
«መምሪያና መወሰኛ፤ እኛ ከመምሪያው ነን።»
«የመወሰኛዎቹን እነማን መረጡ?»
«ማንም። ከላይ ተሾመው ነው የተቀመጡ።
እኛ እንመራለን፣ እነሱ ይወስናሉ።»
አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ ገባኝ ለማለት ነው መሰል፣ እንደ አመሉ።
ይርሳው ግን ቆየና፦ «ዐይነ ሥውርም መሪ አለው፤
ወዴት እንደሚሄድ ወሳኙ ግን ዐይነ ሥውሩ ነው።»

«ድልድዩስ?» አልነው። ልየው ኮቱን ቆለፈ።
«በኛ ቤት አለፈ።» «ከዚያስ?» «በነሱ አላለፈ።
ግብሩ ግን…» ብሎ ዐይኑን መሬት ተከለ፣
«ሁለቱንም ደጃፍ ባንድ ጠዋት ዘለለ።»
«አንተስ እጅ አነሣህ?» አለው እንዳላማው።
ቀኝ እጁን ገልብጦ እንደ ሰው ዕቃ አየው።
«ሁሉም ሰው አነሣ» አለ። ሌላ አልተናገረም።
የተሳደበ የለም፤ የሸኘውም የለም።

እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ኩራዝ አበራሁና፣
ግልባጩን ከሣጥን አወጣሁ እንደገና፦
«በታላቅ ትሕትና እጅ ነስተን እናመለክታለን፣
የወንዙ ጉዳይ ጊዜ ሲገኝ ቢታይልን…»
ፊደሉ ያምራል። መስመሩ አይዛነፍም።
ሽታዬ ያን ማታ ያለችኝ ግን የለም፦

«ውሃው ልጄን ሲወስድ እኔ ከወዲህ ነኝ፣
‹እማ› አለ ሁለቴ፤ ሦስተኛው አልደረሰኝ።
ይኸን ጻፍልኝ» አለች። ሰማሁ። አልጻፍኩትም።
«ለትልቅ ቤት አይሆን፣ ቃሉ ማዕረግ የለውም»
ብዬ፣ አሳምሬ፣ ጣቷን አስነከርኳት፤
ማንበብ አትችልምና «ያልሽው ሁሉ አለ» አልኳት።

ሰው ቤቱ ሁለት ነው ይላል፤ እኔ ሦስት ቈጥሬያለሁ፤
የመጀመሪያው ሾላ ሥር፣ ወንበሩ ላይ እኔ አለሁ።
ማንም አልመረጠኝ፣ ማንም አልሾመኝም፤
ከኔ ካለፈው ሌላ ልየው ቃል አልያዘም።
መምህሬ ይሉ ነበር ገና በልጅነት፣
«ስንኝ ደጅ አዳሪ ነው ካልተገኘለት ቤት።»
የሽታዬን ቃል እኔ ነኝ ደጅ ያሳደርኩት፤
ሁለቱ ታላላቅ ቤቶች መቼ ሰሙና ናቁት?

ዛሬ ነሐሴ ነው። ሙጋ ከሩቅ ይሰማል።
ስሙኒ ሳልጠይቅ ወረቀቱ ተዘርግቷል።
አድራሻ አልጻፍኩም፤ «ክቡር» የለው፣ «ትሕትና» የለው፤
ከላይ ቀኑ ብቻ፣ ከሥሩ የሷ ቃል ነው፦

«ውሃው ልጄን ሲወስድ እኔ ከወዲህ ነኝ፣
‹እማ› አለ ሁለቴ፤