ከባሕር ማዶ ያለ ቡዳ

ሰኞ ነው፤ ባቲ ላይ ግመል ተንበርክኳል፣
የአሞሌው ጭነት ከጎኑ ተፈቷል፤
አባቴ ከዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጧል፣
ሙሄ፣ ጊሌ ሠሪው፣ ብረት ያጎብጣል።
እኔ ከወናፉ፤ ሁለቱን ስልቻ
አንዱን ሳነሣለት፣ አንዱን ስጫን ብቻ
ነው ሰኞን የማውቃት።

የቆላው ሰው መጥቶ ስለቱን በጥፍሩ
ይሞክራል፤ ከዚያ ይቆጠራል ብሩ።
የከተማው ሰውም ቢላ፣ ማጭድ፣ ምሳር
ይወስዳል ከእጃችን፤ ግን ከትሪያችን ጋር
አይገናኝም እጁ።
እናትም ስታልፍ የሕፃን ፊት ጋርዳ
ጆሮዬ የሚሰማው ያው ነው ሁሌ፦ «ቡዳ»።

በዚያ ዓመት ከመካ ሲመጡ ሐጂ ይብሬ
ለሰው ተምር ሰጡ፤ ለአባቴ ግን ወሬ።

«ሚና፣ ድንኳን ውስጥ፣ ጎኔ ያደረ ሰው
ጃዋ ነው አገሩ፤ ባሕር የከበበው።
ጩቤያቸው ከሪስ ነው፤ ቀጥ ያለም አለ፣
እንደሚሄድ እባብ የተጥመለመለ፤
ብረት በብረት ላይ ይደራረብና
ሎሚ ሲያሹበት ይወጣል ደመና።»

«ማን ጀመረው?» አለ አባቴ።

«ማን ያውቃል? እሱም አያውቀው። የጥንቱ
አጭርና ሰፊ፣ ቀጥ ያለ ነው ስለቱ፤
ስሙንም ሲጠሩት...» ሐጂ ሳል ጀመሩ፣
ወደ ደጅ አማተሩ፣
«ስሙንም ሲጠሩት፣ ከሪስ ቡዳ ነው።»

መዶሻው አየር ላይ ቀረ።
«እዚያም ደረሰ?» አለ። «ባሕሩንም ተሻገረ?»

«የለም፣ የለም ሙሄ! የዘመን ስም እኮ ነው፣
እስልምና ሳይገባ በፊት የነበረው።
አንጥረኛውንማ ከጌታ አይለዩት፤
ጾሞ ነው እሳቱን የሚነካ፤ እምፑ ነው የሚሉት፣
ልክ እንደ ሸህ።»

አባቴ አልሳቀም። ብረቱ ቀዝቅዟል።
«ሸህ ከሆነስ» አለ፣
«በሰኞ ገበያ ዋጋ ማን ያወርድበታል?»

ሐጂ ተነሡና፣ ሊሄዱ፣ ቆም አሉ፦
«ተራራ ወገብ ላይ፣ ድንጋይ ላይ አለ አሉ
የተቀረጸ ነገር፤ አንዱ ቁጢጥ ብሎ ይቀጠቅጣል፣
አንዱ ቆሞ ወናፍ ይነፋል።»

ከስልቻው ሳልነሣ «ወናፍ ነፊው» አልሁኝ፣
«ስንት ዓመቱ ነው?»
ሐጂ ዘወር ብለው ዝም ብለው አዩኝ።
«ልጄ፣ እሱን አልጠየቅሁም።»

ሄዱ። የቀዳሁት ውሃ እንደ ሞላ
ጣሳው ውስጥ ቀርቷል።
«ንፊ» አለኝ አባቴ። ብረቱ ሲቀላ
ጫፉን እዚያው ውሃ ውስጥ ነከረው፤
ጊሌው ጮኸ።

ያን ቀን ሦስት ሸጥን።
እኔም እስከ ማታ ስልቻውን ስጫን
ማዶ ሌላ ሰው ያነሣ ነበር።