ዘጠና ሁለት ዲግሪ

እዚህ ነሐሴ ማለት ዝናብ አይደለም፣
ከፕሎቭዲቭ ሰማይ ላይ ብጣሽ ደመና የለም።
ሬንጁ ቀልጦ፣ ጎማ ይዞ፣ አለቅም ይላል፣
ከብሎኩ ጀርባ የቆርቆሮው ጋራዥ እንደ ዳቦ ቤት ይግላል።
እዚያ ነው ኔድያልኮ፣ ጡረተኛው ጎረቤቴ፣
በፉጨት ያወረደኝ ከአምስተኛ ፎቅ ቤቴ።
ላዳዋ የሰባ ሰባት ሞዴል ናት፣ የአባቱ ውርስ፣
ቀለሟ ድሮ ነጭ፣ ዛሬ የአጫሽ ጥርስ።
«ፈላች» አለኝ፣ «ትናንት፣ ድልድዩ ላይ፣ ሰልፍ ይዘን ቆመን፤
ስቴፍካ ወርዳ በእግሯ ሄደች፣ እኔና ላዳ ቀረን።»

ኮፈኖውን ከፍቼ አየሁት፤ አራት ክንፍ ያለው ብረት፣
በቺንጊያ ታስሮ የዞረ አርባ ምናምን ዓመት።
ሞተር ሲሮጥ ይሮጣል፣ ሞተር ሲያዘግም ያዘግማል፣
በራሱ አስቦ መነሣት ከየት ይመጣል?
ጥር ላይ፣ በረዶ ሲጥል፣ ማንም ሳይለምነው ያናፍሳል፣
አውራ ጎዳና ላይ፣ ንፋስ ሲተርፍ፣ እሱም ይጨምራል፤
መብራት ይዞን ስንቆም ግን፣ ላብ ሲያጠምቀን፣ ያንቀላፋል።
እንዲህ ያለ ወዳጅ አላችሁ? እኔ ነበረኝ፤
በሠርጌ ዳቦ የቆረሰ፣ በማጣቴ ያልጠየቀኝ።

ኔድያልኮ ግን የአባቱን ብረት ማስነካት አይወድም።
«ቺንጊያን ዓይን ያየዋል፤ ኤሌክትሪክ ግን አይታይም፣
ፊውዝ ይቃጠላል፣ ሽቦ ይላጣል፣ ማንም አይነግርህም።»
እዚሁ ከተማ በወጣትነቴ ሞተር ተምሬ፣
በዲፕሎማዬ ተሟገትኩት፤ ተመለስኩ አፍሬ።
የረታችው ስቴፍካ ናት፣ በረንዳ ላይ ቆማ፣
በርበሬ እየጠበሰች፣ ክርክራችንን ሰምታ፤
«ወይ እሱ ይነቀል» አለች፣ «ወይ እኔን ሁለተኛ አትጫን።»
አንዴ ብቻ ነው የተናገረችው። ተነሥተን ሄድን።

ከተገጨች ኒቫ ላይ፣ ከብረታ ብረት ክምር፣
በአርባ ሌቫ አገኘነው፣ ክንፉ ሳይሰበር።
አሮጌውን ስንፈታ ሦስት ብሎን እሺ አለ፣ አራተኛው አኮረፈ፣
በናፍታ አጠብነው፣ በመዶሻ መከርነው፤ የአውራ ጣቴን ጥፍር ይዞ አለፈ።
አዲሱን ከራዲያተሩ ጀርባ አሰርን፣ ሪሌውን ከባትሪው ጎን፣
ሰንሰሩን ከታች፤ የሚነቃው ዘጠና ሁለት ዲግሪ ሲሆን።
አሮጌውን ክንፍ ኔድያልኮ በጨርቅ ጠቀለለው፣
እንደሚመለስ ሰው ኮት፣ ከጋራዡ ሚስማር ሰቀለው።

አመሻሹ ላይ ወጣን፤ እሱ መሪ ላይ፣ ስቴፍካ ጎኑ፣ እኔ ኋላ፣
አምስት ሊትር ውሃ በጀሪካን አቅፌ፣ ምናልባት ብትፈላ።
ጸጥ አለች ላዳ። ያ ሁሉ ጩኸት የሞተር መስሎን ነበር፣
ለካ የክንፉ ኖሯል፤ እሱ ሲወጣ ተሰማ ሌላ ነገር፤
በሩ ሲንቀጫቀጭ፣ ጎማው ከድንጋይ ንጣፉ ጋር ሲማከር፣
እና ስቴፍካ። ስታወራ። ለካ ታወራ ነበር።
በለሆሳስ፣ መስኮቱን እያየች፣ ለማንም ሳይሆን፤
የልጃቸውን ዝምታ፣ የጉልበቷን ውጋት፣ የተሸጠውን የእህቷን ወይን።
ኔድያልኮ ጆሮው ቀላ፣
እግሩን ከነዳጁ ላይ አላላ።
«ይህን መች ነገርሽኝ?» አላት። «ሁልጊዜ» አለች ሳትዞር፣
«ወደ ካርሎቮ ስንወጣ፣ ስንወርድም ወደ ባሕር።»
እኔ ጀሪካኔን አጥብቄ አቀፍኩ። ምን ልናገር?

ማሪጻ ድልድይ ላይ መብራት ያዘን። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና።
መርፌው ተነሣ፤ ሰማንያ አምስት፤ ዘጠና፤
ዘጠና አንድ። ዝም። «ነግሬህ ነበር» ሊል ኔድያልኮ አፉን አሾለ፣
ከኮፈኖው ሥር ሪሌው ቀጭ አለ።
ንፋሱ ተነሣ። መርፌው ቆመ፤ ትንሽ አሰበ፤ ወረደ።
መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ጡሩምባ ነደደ።
እኛ ግን አልተንቀሳቀስንም፤
ስቴፍካ ወይኑ በስንት እንደተሸጠ ገና አልነገረችንም።