በናንትሔሊግ በኩል

ከስዋንሲ ሽሩስበሪ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣
በኒውፖርት በኩል ነው፤ ፈጣን ነው፣ ቅርብ ነው።
እኔ ግን መጽሐፌን ከራት ኋላ ገልጬ፣
መነጽሬን ጠርጌ፣ እርሳሴን ቀርጬ፣
ደንቡን አነባለሁ፣ አንቀጽ በአንቀጽ፣
ጣቴን እያስኬድኩ ከገጽ ወደ ገጽ።

ከሦስት ተኩል በፊት ባቡር የሚሳፈር
ዋጋው እጥፍ ይሆናል፤ የቸኮለ ይክሰር።
ቀድሞ የተገዛ ርካሽ ነው ትኬቱ፣
ግን ባንድ ባቡር ነው፣ በዚያው በሰዓቱ፤
መሀል ላይ ከወረዱ አለቀ ሕይወቱ።
ሁለት ግማሽ ዋጋ ከአንድ ሙሉ ያንሳል፤
የሂሳብ መምህር ነበርኩ፤ ይህ ግን ያሳብዳል።

ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «በመጡበት ሀዲድ
ክልክል ነው ወደ ኋላ ተመልሶ መሄድ።»
ይህችን አንቀጽ ስደርስ እርሳሴን አኖራለሁ፤
ትንሽ ዝም እልና ገጹን እገልጣለሁ።

ካርታው ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አለች፣
በዌልስ ኮረብቶች የምትጥመለመል፣ ያረጀች፤
አራት ሰዓት ትፈጃለች፣ ባለአንድ ፉርጎ ናት፤
ጉዳይ ያለበት ሰው ፈጽሞ አይመርጣት።
ግን የተፈቀደች ናት፤ በዚያው ዋጋ፣ በዚያው ትኬት።
«ለምን ዞርክ?» የሚል አንቀጽ መጽሐፉ የለበት።

ከዚያች መስመር ወገብ ናንትሔሊግ አለ፤
አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ቀለሙ የጎደለ።
ከመድረኩ ሆነው እጅ ካልዘረጉለት
ባቡሩ አይቆምም፤ ያልፋል እንደ ዘበት።
ከውስጥ የሚወርድም፣ ቀደም ብሎ ቀርቦ
ለቆራጯ ይነግራል፣ ቃሉን አሰባስቦ።

ከመድረኩ ማዶ፣ ከአኻያው ዛፍ ሥር፣
የኢድዋል ቤት አለ። የወንድሜ። የእናቴ ነበር።
በውርስ ተጣላን፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነን።
እሱ ቤቱን ያዘ፣ እኔ ኩርፊያዬን።
ሽሩስበሪ ላለችው ልጄ በየወሩ እሄዳለሁ፤
በመስኮት ያን ግቢ አይቼ አልፋለሁ።

«በኒውፖርት ቢሄዱ ባጠረ መንገዱ፣
ሚስተር ፕሮዘሮ፣ በዚህ ምን ሊወዱ?»
ትለኛለች ሴሪስ፣ ትኬቴን ስትበሳ።
«ተፈቅዷል» እላለሁ፣ ሌላ ቃል ሳላነሳ።

ማክሰኞ ዕለት ግን፣ ዝናብ እያካፋ፣
ባቡሩ ዘገመ፣ ጡሩምባው ተነፋ፤
ቆመ። ናንትሔሊግ። ብስክሌት የያዘች ልጅ
ዘርግታ ነበረ የረጠበ እጅ።
በሩ ተከፈተ፤ የርጥብ ሳር ሽታ
ገባ ከነብርዱ፣ ሳያስፈቅድ፣ ላንድ አፍታ።
ማዶ የግቢው በር ቀለሙ ታድሷል፤
እናቴ የምትወደው አረንጓዴ ሆኗል።
ገመድ ላይ ሦስት ሸሚዝ፣ ዝናብ የሚመታው፣
ሮጦ የሚያስገባ ማንም የሌለው።

ትኬቴ ይፈቅዳል፤ ወርዶ መቆየት ይቻላል፣
በሚቀጥለው ባቡር ጉዞው ይቀጥላል።
አንቀጹን አውቀዋለሁ፣ ቁጥሩን ጭምር።
ብድግ አልኩ። እግሬ ግን ቆመ ከበሩ ድንበር።

ፊሽካ። በሩ ጮኸ፤ ተዘጋ ከፊቴ።
«ወራጅ ነበሩ እንዴ?» አለችኝ ልጅቷ። ደረቀ አንደበቴ።

ቴግዌን፣ ልጄ፣ ሾርባ ሠርታ ጠበቀች፤
ፊቴን አየችና ልትጠይቀኝ ብላ ተወች።
አሁን ሌሊት ሆኗል። ኪሴ ውስጥ ያለው
የመመለሻው ግማሽ ነው፣ ወር የሚያገለግለው።
እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ደንቡን ሳገላብጥ
ያችን አንቀጽ አገኘሁ፣ ሁሌ የምታስደነግጥ፤
ከግርጌዋ ግን አለ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ደርሶ መልስ የቆረጠን ይህ አይመለከት» ይላል።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ!
የተማሪ ስህተት ከሩቅ የሚያይ ዓይን፣ ይህን መሳቱ።

ሐሙስ ነው መመለሻዬ። ለሴሪስ፣ ቀድሜ፣
ከዋሻው በፊት ነው የምነግራት፣ ቆሜ።
ከመስታወቱ ፊት፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣
እለማመዳለሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፦
«ወራጅ አለ።» ይሰማል? የለም፣ አይሰማም።
ቴግዌን ተኝታለች። እላለሁ፣ አሁንም።