የደንገል ግድግዳ

«በሦስት ማርማላታ ጠርሙስ ታቅፈህ ይዘህ መጣህ፣
ጣና ደጅህ ተኝቶ ዓሣ ከየት አጣህ?
ደግሞ ይሄ ዓሣ ነው? አውራ ጣት አያህል፣
እንኳን ሰው ሊመግብ ድመት አያታልል!»
አለና ሳቀብኝ አባቴ ይርሳው፣
አርባ ዓመት የጣለውን መረብ እጁ ያልረሳው።

ከፔዳ የተመረቀ ልጅ ነው፣ ወዳገሩ ሲሄድ የሸጠልኝ፤
«ሦስቱም ወንድ ናቸው፣ አደራ፣ አታገናኝ» ያለኝ።
ቤታ ይባላሉ። ጎረቤት አይችሉም፤
ሁለት ወንድ ባንድ ውኃ አብረው አይውሉም።
ከተያዩ ጉንጫቸው ይነፋል፣ ክንፋቸው ይወጠራል፣
አንዱ የአንዱን ጅራት እንደ ሻሽ ይተረትራል።

መስታወት ቆራጭ ነኝ፤ ከሱቄ ጥግ አለ
ከሰው መስኮት የተረፈ ስብርባሪ፣ የዓመት አቧራ ያዘለ።
ከእሱ አምስት መረጥኩ፤ ጠርዝ ጠርዙን ሞረድኩ፣
ሲልከኑን በጣቴ ዳር ለዳር ለቀለቅኩ፣
ኬሻ አለበስኩት፣
ሦስት ቀን ጠበቅኩት።
በአራተኛው ውኃ ሞላሁ፤ አንዱ ጥግ አለቀሰ።
አደረቅኩ፣ ፋቅኩ፣ ደገምኩ፤ ልብሴ ራሰ፣ ጠረጴዛው ራሰ።

ቤቱ አንድ፣ ክፍሉ ሦስት፤ መሐሉን በመስታወት ከፈልኩ፤
በቃ፣ አለቀ፣ ተገላገልኩ አልኩ።
ቀዩ ሰማያዊውን አየ። ቀኑን ሙሉ መስታወት ሲገጭ ዋለ፤
አባቴ ከበርጩማው ሆኖ «ዓይን ግድግዳ አለው ወይ?» አለ።
ደግሞ ውኃው አልዞረም፤ ማጣሪያው ያለበት ጠራ፣
ሌሎቹ እንደ ሐምሌ ዓባይ ቡናማ ሆኑ በተራ።

«መረብ ባደርግስ?» አልኩት። «መረብ ያሳያል» አለና
ከበርጩማው ተነሣ፣ ጫማውን አጠለቀና
ወጣ።

ሁለት ዓመት ከግቢ ያልራቀ ሰው፣
ዳሩን እንቦጭ፣ ዓይኑን ሞራ የጋረደው፣
በምን እንደሄደ እንጃ፤ ባጃጅም አልወሰደው።
ሲመሽ መጣ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ፣
በብብቱ አንድ እቅፍ ደንገል በልጥ ቀርቅቦ።
ዘንጉን ከዘንግ አስጠግቶ፣ ልጡን በጥርሱ ጎተተ፣
ታንኳ እንደሚታሰረው፤ ዓይኑ ያላየውን ጣቱ ተመለከተ።
«ውኃ ያሳልፋል፤ ዓይን አያሳልፍም» አለኝ፤
የእኔን መስታወት አውጥቶ የእሱን አስገባልኝ።

ያን ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ማጣሪያው ጸጥ አለ፤
ሞቱ ብዬ ባትሪ ይዤ ሮጥኩ፤ ሁሉም አለ።
ቀዩ ቀስ ብሎ ወጣ፣ አፉን ከውኃው ገለጠ፣
አንድ ጉርሻ አየር ወሰደና ተመልሶ ሰመጠ።
አባቴ ከጀርባዬ ቆሟል፤ ሽማግሌ መቼ ተኛ፤
«እነዚህ መብራት ኃይልን አይለምኑም» አለ፣ «እንደኛ።»

ደንገል ግን ይበሰብሳል። በወሩ ለሰለሰ፣ ሸተተ፣
አንዱ ዘንግ ከልጡ ወጥቶ ቀዳዳ ተከፈተ፤
ሰማያዊው ሾልኮ አለፈ። ጠዋት አየሁት የቀዩን ጅራት፤
የተበላ ማበጠሪያ። የትናንት ኩራት።

«ታንኳም ይበሰብሳል» አለ አባቴ፣ ሳይደነግጥ፣
«ውኃ ሲጠግብ ይጣላል፤ ሌላ ደንገል ይቆረጥ።»
ጫማዬን አምጡ አለ።

አሁን በየወሩ ይሄዳሉ፣ እሱና ልጄ ምንታምር፤
እሷም በወላቃ ጥርሷ ልጥ መጎተት ልትማር።
መንገዱን እሷ ታያለች፤ ደንገሉን እሱ ይመርጣል፤
ሲመለሱ ቤቱ ለሁለት ቀን ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል።
ስለ ዓሦቹ አይጠይቀኝም። ጣቱን ብቻ ከውኃው ነክሮ
ግድግዳውን ይዳብሳል፣ ስንት ቀን እንደቀረው ቆጥሮ።

ባለፈው ሳምንት ገበያ ነጭ ፕላስቲክ አየሁ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ፣
የማይበሰብስ፣ የዕድሜ ልክ ግድግዳ።
ባለሱቁ ስንሻው «በልክህ ልቁረጥልህ?» አለኝ።
ዋጋውን ጠየቅኩ፤
ውድ ነው አልኩና መጣሁ።

ውድ አልነበረም።